ኤክስ ከማድረጋችን በፊት፦ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የምንማረው

የተከበራችሁ የጉድኝታችን መምህራን፣ ርእሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች፣ እንደምን አደራችሁ? ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሩቅ ትምህርት ቤት በእግር ጭምር መጥታችሁ እዚህ በመገኘታችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ይሰማል? ካልተሰማ እጅ አውጡ፤ ድምፅ ማጉያው እንደሆነ እንደምታዩት ነው።

ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው ርእስ «መምህር ከተማሪው ምን ይማራል?» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ርእስ ስንሰማ ሁላችንም የምንጠብቀው ትዕግሥት፣ ፍቅርና ትሕትና የሚሉትን ነው። ጥሩ ናቸው፤ ግን ዛሬ አላነሳቸውም። የማነሳው ከዚያ ጠበብ ያለ ነገር ነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ የተሳሳተ መልስ ጽፎ ሲሰጠን ምን እየነገረን ነው?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። ለሊጡ እውነት ይሁን፤ ለደብተሩ ግን አይሠራም። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጅ በዘፈቀደ የሚሳሳተው ጥቂት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በደንብ ነው፤ ራሱ ያወጣው ደንብ አለው፣ ደንቡን ጠብቆ ይሠራል፣ ደንቡ ግን የተሳሳተ ነው። እኛ ምን እናደርጋለን? ቀይ እስክሪብቶ አንስተን ኤክስ! ደንቡን አላየነውም። ልጁም አላየውም። በሚቀጥለው ፈተና ያው ደንብ ይመለሳል።

ሦስት ነገር ነው የማነሳው። አንደኛ፣ ስህተቶቹ ራሳቸው ምን እንደሚሉ። ሁለተኛ፣ ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ይህን እንዴት ማንበብ እንደሚቻል። ሦስተኛ፣ ስለሚጠይቁት ጥያቄ። የመጀመሪያው ይረዝማል፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እንግዲህ አንደኛው። ከአስርዮሽ ቁጥር እንነሳ። ሰሌዳ ላይ 0.5፣ 0.35 እና 0.125 ጻፉና «ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሩ» በሉ። አንዱ ልጅ 0.125፣ ከዚያ 0.35፣ ከዚያ 0.5 ብሎ ይደረድራል። ለምን? 125 ከ35 ይበልጣል፣ 35 ከ5 ይበልጣል። ነጥቧን የሁለት ሙሉ ቁጥሮች ድንበር አድርጎ ነው የሚያያት። ይህን ማን አስተማረው? እኛ ነን። 0.35ን «ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አምስት» ብለን እናነባለን። ሠላሳ አምስት ካልነው፣ ከአምስት ይበልጣል ማለቱ ምን ያስገርማል? «ዜሮ ነጥብ ሦስት አምስት» ብሎ ማንበብ ምንም ወጪ የለውም። ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ እናንብብ።

ሌላው ልጅ ግን 0.5፣ 0.35፣ 0.125 ብሎ በትክክል ደረደረ። ራይት አደረጋችሁለት። ገብቶታል ወይ? እርግጠኛ ናችሁ? ይህ ልጅ «ከአስረኛ መቶኛ ያንሳል፣ ከመቶኛ ሺኛ ያንሳል» ብለን ያስተማርነውን ይዞ፣ ከነጥብ በኋላ የረዘመ ቁጥር ሁሉ ትንሽ ነው የሚል ደንብ አውጥቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ደንብ 0.3 ከ0.42 ይበልጣል። እናንተ የሰጣችሁት ጥያቄ ግን የዚህን ልጅ ስህተት ይደብቃል፤ ሙሉ ማርክ አግኝቶ ያልፋል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የጥያቄው ነው።

ስለዚህ ሁለት ጥንድ ስጡ። የመጀመሪያው 0.4 እና 0.35፤ ሁለተኛው 0.3 እና 0.42። ከየጥንዱ ትልቁን ይክበቡ። 0.4 እና 0.42 የከበበ ልጅ ገብቶታል፤ ቢያንስ እስከዚህ ድረስ። 0.35 እና 0.42 የከበበው «ረጅሙ ትልቅ ነው» የሚለው ልጅ ነው። 0.4 እና 0.3 የከበበው «አጭሩ ትልቅ ነው» የሚለው ነው። አሁን ልብ በሉ፤ ሁለቱንም የሳተ፣ 0.35 እና 0.3 የከበበ ቢገኝስ? እሱ ሁለቴም ትንሹን ነው የከበበው። ሂሳቡን ያውቀዋል፤ ትእዛዙን ነው ያላነበበው። ሂሳብና ሳይንስ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ በሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች ይህ ልጅ ብርቅ አይደለም። አራት ዓይነት መልስ፣ አራት የተለያየ ሕክምና። ኤክስ ብቻ ብታደርጉ ግን ሦስቱ አንድ ይመስላሉ።

ማረሚያውስ? ብዙዎቻችን ወደ ብርና ሳንቲም እንሮጣለን። ጥሩ ነው፤ 0.5 ብር 50 ሳንቲም መሆኑ ለመጀመሪያው ልጅ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ገንዘብ ሁልጊዜ ከነጥብ በኋላ ሁለት ቤት ብቻ ነው ያለው፤ 3.125 ሲመጣ ልጁ መሄጃ ያጣል። የተሻለው የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። 0.5 ሜትር የት ላይ ነው? 0.35ስ? 0.125ስ? እዚያው ላይ ጣቱን ያስቀምጥ፤ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል መሆኑን በዓይኑ ያያል። አንድ ሜትር ለአንድ ረድፍ ይበቃል። ከሌለ ወረቀት ቆራርጣችሁ፣ አጣብቃችሁ፣ በማስመሪያ ለክታችሁ ሥሩ።

ወደ ክፍልፋይ ልለፍ። 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው? 2/5! የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ። ይህን ስህተት ያላየ የሂሳብ መምህር እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም፤ ካለ እጁን ያውጣ። ምክንያቱን ግን አስበነው እናውቃለን? የእናንተን ማርክ ሊስት ተመልከቱ። የመጀመሪያው ፈተና ከ10 ሰባት፣ ሁለተኛው ከ20 አሥራ አምስት። ድምሩን ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? ከ30 ሃያ ሁለት። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ! ልጁ ተከታታይ ምዘና ከገባበት ክፍል ጀምሮ ይህን ዓይነት ድምር ሲያይ ኖሯል፤ ያየውም ከመምህሩ እጅ ነው። ደግሞም ለማርክ ትክክል ነው። ከ2 ጥያቄ አንዱን፣ ከ3 ጥያቄ አንዱን የመለሰ ልጅ በእርግጥ ከ5 ጥያቄ ሁለቱን መልሷል።

እንግዲህ ለዚህ ልጅ «የጋራ ታች ፈልግ ብዬህ አልነበረም?» ብሎ መጮህ ምን ይጠቅማል? ልዩነቱን ነው ማሳየት ያለብን። ማርክ ስንደምር ሁለት የተለያዩ ሙሉዎች አሉ፤ ባለ 10ሩና ባለ 20ው ፈተና፤ ተደምረው ሦስተኛ፣ ሰፋ ያለ ሙሉ ይሆናሉ። ክፍልፋይ ስንደምር ግን ሁለቱም ከአንድና ከዚያው ሙሉ የተቆረሱ ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከባለ ካሬ ደብተር 12 ካሬ ያለው አንድ ረድፍ ይቁረጡ። ግማሹን ይቀቡ፤ 6 ካሬ። ከቀሪው ላይ የሙሉውን አንድ ሦስተኛ ይቀቡ፤ 4 ካሬ። ከ12ቱ 10 ተቀባ፤ 5/6። እዚህ ላይ የሚበላሸው የት ነው? ልጆች አንድ ሦስተኛውን ከቀሪው 6 ካሬ ላይ ያወጡና 2 ካሬ ይቀባሉ። «የምን አንድ ሦስተኛ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን አትንገሯቸው። ከዚያ በኋላ የሚያሸንፈውን ጥያቄ አምጡ፦ 2/5 ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ላይ ጨምረህ እንዴት ከግማሽ በታች ሆነ? እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ዝም ይበሉ፤ አትጣደፉ።

ነጌቲቭ ቁጥርን ባጭሩ። −3−5 ስንት ነው ሲባል 8 ይላሉ። «ማይነስ በማይነስ ፕላስ» የምትለው ዜማ የወለደችው ነው። ዜማዋ የማባዛት ናት፤ እኛ ግን «ሲባዛ» የሚለውን ቃል ውጠን እናዜማታለን። መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በሙቀት መለኪያ ያስረዳሉ፤ ነገር ግን አብዛኛው ልጃችን ከዜሮ በታች የሚያነብ ቴርሞሜትር አይቶ አያውቅም። ዱቤን ግን ያውቃል። ከሱቅ የ3 ብር ዱቤ አለብህ፣ ዛሬ የ5 ብር ጨመርክ፤ ምን አለብህ? «ማይነስ ሲቀነስ» ለሚለው ደግሞ የራሳችን ካርታ አለ። ራስ ዳሸን ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር ያልፋል፤ ደናክል ውስጥ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርድ ቦታ አለ። ለስሌት እንዲመች 4,500 እና −100 በሉት። በሁለቱ መካከል ስንት ሜትር አለ? 4,400 የሚል ልጅ አይገኝም፤ 4,600 ይላሉ። በሉ እንግዲህ 4,500−(−100) ብላችሁ ጻፉት። ደንቡን ከእነሱ አፍ ተቀበላችሁ ማለት ነው።

አንድ ልጨምርና ከዚህ ነጥብ እወጣለሁ። 8+4=__+5 ብላችሁ ባዶውን አስሞሉ። 12 የሚል ይመጣል፣ 17 የሚልም ይመጣል። ትክክለኛው 7 ነው። «እኩል ይሆናል» የሚለው ምልክት ለእነዚህ ልጆች «መልሱን እዚህ ጻፍ» ማለት ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደዚያ ብቻ ነው የተጠቀሙበት። ስምንተኛ ክፍል ገብተው እኩልታ ሲፈቱ የሚደናበሩት፣ እኛም «አልጀብራ ከበዳቸው» የምንለው፣ ብዙ ጊዜ ከዚህች ምልክት የተነሳ ነው። ኤክስ የምትባለዋ ፊደል ያለ ጥፋቷ ትወቀሳለች።

ሁለተኛው ነጥብ። «ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን 65 ተማሪ አለኝ፣ በሳምንት 25 ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ፤ መቼ ነው የእያንዳንዱን ደንብ የማነበው?» የሚል ጥያቄ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። ትክክል ናችሁ። የ65 ልጅ ደብተር በየቀኑ ማንበብ አይቻልም፤ ይቻላል የሚላችሁ ሰው አስተምሮ አያውቅም።

የሚቻለው ሩብ ወረቀት ነው። አንድ የደብተር ሉክ አራት ቦታ ይቀደዳል፤ ለ60 ተማሪ 15 ሉክ ይበቃል። ከ40ው ደቂቃ የመጨረሻዎቹን 4 ደቂቃዎች ያዙ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ቅድም እንዳየናቸው ጥንዶች የተለያየ ደንብ የተለያየ መልስ የሚሰጥበት መሆን አለበት። ሲሰበሰብ በልጅ ስም አትደርድሩ፤ በመልስ ዓይነት ደርድሩ። ትክክል የሆነው አንድ ክምር፣ ብዙ ጊዜ የተደጋገመው ስህተት ሌላ ክምር፣ ሁለተኛው ስህተት ሌላ፣ ምኑም ያልገባችሁና ባዶ የሆነው የመጨረሻ ክምር። አንድ ጥያቄ ብቻ ስለሆነ ስድሳውን ለመደርደር ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃል። በማግሥቱ ክፍለ ጊዜውን በትልቁ የስህተት ክምር ጀምሩ። መልሱን ሰሌዳ ላይ ጻፉና «ይህን የሠራ ሰው ምን አስቦ ነው?» በሉ። «ማን ነው የሠራው?» አትበሉ።

ምን ያበላሸዋል? አራት ነገር። ማርክ ከያዘ ይኮራረጃሉ፤ ስለዚህ ማርክ የለውም፣ ይህንንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የልጁን ወረቀት ራሱን ከፍ አድርጋችሁ ካሳያችሁ በእጅ ጽሑፉ ይለዩታል፣ ይስቁበታል፤ በራሳችሁ እጅ ገልብጡት። ሦስት አራት ጥያቄ ከጨመራችሁ መደርደር ያቅታችኋል፣ ወረቀቱም መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ከሳምንት በኋላ ከመለሳችሁት ደግሞ ልጁ ራሱ ለምን እንደዚያ እንዳለ ረስቶታል።

በክፍል ውስጥ በቃልስ? «ገባችሁ?» «አዎ፣ ቲቸር!» ይህ መረጃ ነው? የለመዱትን ቅብብል እየመለሱልን ነው። በዚህ ምትክ አራት ምርጫ ስጡና መልሱን በጣት፣ ከደረት ሳያልፍ እንዲያሳዩ አድርጉ፤ ጎረቤት እንዳያይ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። በአሥር ሰከንድ ውስጥ ክፍሉን በሙሉ አነበባችሁ።

ከጠየቃችሁ በኋላ ደግሞ ጠብቁ። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሙት ጥናት መምህራን ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አሳዩ። ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያደርሱት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ በራሳቸው ፈቃድ የሚመልሱትም በዙ። ሦስት ሰከንድ! እስቲ አሁን አብረን እንቁጠር... አንድ... ሁለት... ሦስት። አያችሁ? ረጅም ነው፤ ሰሌዳ ፊት ለቆመ ሰው ደግሞ ከዚህም ይረዝማል። ስለዚህ ነው ፊት ወንበር ላይ ያሉት አምስት እጆች ሲነሱ የምንገላገለው። ያ አምስት ልጅ ስለ ቀሪው ስልሳ ምንም አይነግረንም።

የ1 ለ5 ቡድኖቻችሁንም ተመልከቱ። መሪዋ ትሠራለች፣ አምስቱ ይገለብጣሉ፤ ሪፖርት ላይ ግን «ተረዳድተው ሠሩ» ይባላል። ለውጡ ቀላል ነው፤ መሪዋ እስክሪብቶ አትያዝ። መናገር ትችላለች፣ መጻፍ የሌሎቹ ነው። በዚያ ጊዜ ቆማችሁ ስሙ። ልጆች እርስ በርስ ሲያስረዱ የሚጠቀሙበትን አነጋገር መስማት ለማንኛችንም ትምህርት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከእኛ ያጥራል፣ እኛ የምንዘለውንም ደረጃ አይዘልም።

የቤት ሥራ መገልበጥን እንደ ሌብነት ብቻ የምናየው ለምንድን ነው? ጠዋት ከሰልፍ በፊት አምስት ደብተር ላይ ያው ስህተት ከተገኘ አንድ ነገር ተነግሮናል። ወይ ከብዷል፣ ወይ በዝቷል፣ ወይ ልጁ ማታ ውሃ ሲቀዳ፣ ሱቅ ሲጠብቅ፣ ታናሹን ሲይዝ አምሽቷል። አሥር ጥያቄ ከምትሰጡ ሦስት ስጡ፤ አንዱ የሚያውቁት፣ አንዱ አዲስ፣ ሦስተኛው «የት ላይ ተቸገርክ? አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ» የሚል። ሦስተኛውን መገልበጥ ያስቸግራል።

የስም መቆጣጠሪያውንም እንደዚሁ አንብቡት። የገበያ ቀን የሚቀሩ ልጆች ካሉ በዚያ ቀን አዲስ ርእስ አትጀምሩ፤ ክለሳ አድርጉ። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳ መኖሩን የገጠር መምህር ሳይነገረው ያውቃል። በየወሩ ጥቂት ቀን የምትቀር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ካለች ደግሞ ከመቆጣታችሁ በፊት የሴቶች መጸዳጃው በር ይዘጋ እንደሆነ፣ ውሃና የንጽሕና መጠበቂያ መኖሩን ከሴት መምህራን ጋር ሆናችሁ ተመልከቱ።

ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ወደ ሦስተኛው። ጥያቄያቸው።

ሳይንስ የምታስተምሩ ይህን ታውቁታላችሁ። ተክል ምግቡን ከአፈር ሳይሆን በፎቶሲንተሲስ ይሠራል ብላችሁ አስተማራችሁ። የቫን ሄልሞንትን ሙከራም ነገራችኋቸው እንበል፦ ቤልጂየማዊው ሰው በ90 ኪሎ ገደማ ደረቅ አፈር ውስጥ 2 ኪሎ ከሩብ ያህል የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለ፣ አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት፤ ዛፏ ወደ 77 ኪሎ ደረሰች፣ አፈሩ የጎደለው 60 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ግሩም። ከኋላ አንድ የገበሬ ልጅ እጁን ያነሳል፦ «ቲቸር፣ እንዲህ ከሆነ አባቴ ዩሪያ የሚገዛው ለምንድን ነው?»

ምን ትሉታላችሁ? «ከርእሱ አትውጣ» ማለት ይቀላል። ግን ይህ ልጅ የጠየቀው እኛ የዘለልነውን ነው። ዩሪያ ከመቶ 46 እጅ ናይትሮጅን ነው፤ ባለ 50 ኪሎው ጆንያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። ተክሉ ክብደቱን በብዛት የሚሠራው ከአየር በሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከውሃ ነው፤ ናይትሮጅኑ በመጠን ትንሽ ነው፣ ያለ እሱ ግን ፕሮቲንም አረንጓዴው ክሎሮፊልም አይሠራም። ናይትሮጅን ያጣ ተክል ቅጠሉ የሚገረጣው ለዚህ ነው። ቫን ሄልሞንትም ክብደቱ ሁሉ ከውሃ ነው ብሎ ተሳስቷል፤ ያቺን 60 ግራም ገደማም ከቁም ነገር አልቆጠራትም። የልጁ ጥያቄ ያቺን 60 ግራም ነው የሚጠይቀው! ከእንግዲህ ይህን ትምህርት ስታዘጋጁ ከጥያቄው ጀምሩ፤ ማዳበሪያ ምግብ ነው ወይስ አይደለም?

ሌላ የተመዘገበ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ከጎረቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር ኤራስቶ ምፔምባ የተባለ የሦስተኛ ፎርም፣ ማለትም የሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት፣ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር አይስክሬም ይሠራ ነበር። ወተቱ ከስኳር ጋር ተፈልቶ፣ ቀዝቅዞ ነው ማቀዝቀዣ የሚገባው። ቦታው እንዳያልቅበት ብሎ የእሱን ትኩሱን አስገባ። የእሱ ቀድሞ ረጋ። መምህሩን «ለምን?» ሲል ጠየቀ፤ ተደናግረሃል ተባለ። በኋላም ከፍ ባለ ክፍል ሌላ መምህር «ይህ የምፔምባ ፊዚክስ ነው እንጂ የዓለም ፊዚክስ አይደለም» አሉት፤ ከዚያ ወዲያ እሱ በተሳሳተ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ «የምፔምባ ሂሳብ» እያለ ይስቅበት ጀመር። ዴኒስ ኦስቦርን የተባሉ የዩኒቨርሲቲ መምህር ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ሲመጡ ያንኑ ጥያቄ ደገመው። የክፍሉ ተማሪዎች ሳቁ። ኦስቦርን አላመኑም፤ ነገር ግን እሞክረዋለሁ አሉና ላቦራቶሪ ውስጥ አስሞከሩት። በ1969 ሁለቱ በጋራ ስማቸው አሳተሙት።

ይህ ክስተት በእርግጥ አለ ወይ በሚለው የፊዚክስ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት አላገኘነውም ብሏል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ልጁ ትክክል መሆኑ እስኪረጋገጥ መጠበቅ አላስፈለገም። ሁለት ጣሳ፣ ውሃና ማቀዝቀዣ ይበቃ ነበር። ክፍል ውስጥ «እንሞክረው» ለማለት የሚያስፈልገው ብዙውን ጊዜ ከዚህ አይበልጥም። ማቀዝቀዣ የሌላችሁ ትምህርት ቤቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ግን መዝገብ ላይ ይቀመጥ። ሰሌዳው ጥግ ላይ «ያልተመለሱ» የምትል ትንሽ ቦታ ከልሉ፤ የጠየቀው ልጅ ስም ጎኑ ላይ ይጻፍ። እዚህ ላይ ስም መጻፉ ተገቢ ነው። በሳምንት አንዱን አንሱ፤ የማታውቁት ከሆነ «አላውቀውም፣ ዓርብ አምጥቼ እነግራችኋለሁ» በሉ፤ ዓርብም አምጡ። ዓርብ ካላመጣችሁ ቦታዋን ሰርዟት፤ ለጌጥ ከሆነች ልጆቹ በሁለተኛው ሳምንት ያውቁባችኋል።

እንግዲህ ከሻይ በኋላ ሥራ አለ። በየትምህርት ክፍላችሁ ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ስም የሌላቸው 60 ሩብ ወረቀቶች ተዘጋጅተዋል፤ የሂሳቦቹ ቅድም ያየናቸው ሁለት ጥንዶች፣ የሳይንሶቹ የማዳበሪያው ጥያቄ ናቸው። የቋንቋና የኅብረተሰብ መምህራን ራሳችሁ አንድ ጥያቄ ታወጣላችሁ፤ ቢያንስ ሁለት የተለያየ የስህተት ደንብ የሚለይ ይሁን። 15 ደቂቃ ትደረድራላችሁ፣ ለየክምሩ ስም ታወጣላችሁ፣ ከየጠረጴዛው አንድ ሰው ትልቁን ክምር ይዞ ይቀርባል። ቀይ እስክሪብቶ የያዛችሁ እባካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። አመሰግናለሁ፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ።